መዝገቡ አንድ፣ የሚጽፉበት እጆች ሦስት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ወረታ፣ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን ይህን ንግግር እንዳቀርብ ሲያዙኝ፣ «ስለ ኮምፒውተሩ ተናገሪ፤ ግን ለእኛ እንዲገባን አድርገሽ» ብለውኛል። እኔ ኮምፒውተር አላጠናሁም። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያለኝ የማኅበራችሁ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ፣ በቢሯችን ሦስት ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ አብረን ለመሥራት ስንሞክር ያጠፋነውንና ከጥፋቱ የተማርነውን ነው። ከጥፋቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጊዜው ሰኔ ነበር። በእኛ በፎገራ ሰኔ እንዴት ያለ ወር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሩዝ ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አረሙ አያስቀምጥም፤ የአራሚ ገንዘብ ያስፈልጋል። አንዲት እናታችን ከገጠር ቀበሌ ጭቃውን ረግጠው ብድር ሊጠይቁ መጡ። በደንባችን መሠረት ብድር የሚያገኝ ቁጠባውን ያላቋረጠ አባል ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት በስማቸው የገባ አንድም ብር የለም።

«እማማ፣ አራት ወር አልቆጠቡም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብሬን ግን ቆጥሬ ነው የሰጠኋችሁ» አሉኝ። በፌስታል የተጠቀለለውን የቁጠባ ደብተራቸውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። አራቱም ወር ተጽፏል፤ አራቱም ላይ ፊርማ አለ። እኔ ግን ደብተሩን አይቼ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ተጣርቶ ይነገርዎታል» ብዬ መለስኳቸው። ያን ቀን ከእጃችን ወጥቶ የተፈረመበትን ወረቀት ትቼ ማሽኑን አመንኩ።

ተጣርቶ እስኪያልቅ ሁለት ሳምንት ወሰደ። የደረሰኝ ቀሪዎችን ከትልቁ ጥራዝ አንድ በአንድ እያየን፣ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የዚያው ቀበሌ የሌሎች አባላትም ገንዘብ ከኮምፒውተሩ ላይ መጥፋቱን አገኘን። ብሩ አልጠፋም፤ ባንክ ገብቷል። የጠፋው ጽሑፉ ነው። ይህን ለእናታችን ልንነግር ስንልክባቸው፣ የአራሚውን ገንዘብ በአራጣ ተበድረው ነበር። የአራጣውን ወለድ ከፍለው የጨረሱት ሩዛቸው ሲታጨድ ነው።

አሁን ጽሑፉ እንዴት እንደጠፋ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ በእያንዳንዱ ላይ የመዝገቡ አንዳንድ ቅጂ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ በእሷ ላይ ተቀማጭ ትመዘግባለች፤ የብድር ሠራተኛዋ በሌላው፤ እኔ በሦስተኛው ሪፖርት እሠራለሁ። ገበያ ቀን ሰልፉ ሲበዛ ከገጠር የሚመጡትን አባላት ተቀማጭ የብድር ሠራተኛዋ በራሷ ኮምፒውተር ትቀበላለች። ማታ ማታ ፋይሉን በፍላሽ እናዞራለን። አንዱ ፋይል «አዲስ» ይባላል፣ ሌላው «አዲስ 2»፣ ሌላው «የመጨረሻ»። እኔ የገንዘብ ተቀባይዋን ቅጂ ትክክለኛው ነው ብዬ በሌላው ላይ ገለበጥኩበት። በብድር ሠራተኛዋ ቅጂ ላይ ብቻ የነበረው የአራት ወር ተቀማጭ በዚያው ሄደ።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቃችሁም። በግንቦት መጨረሻ የባንኩን ሒሳብ ከእኛ ጋር ሳስተያይ፣ ባንክ ያለው ብር መዝገባችን ላይ ካለው ይበልጥ ነበር። ቢጎድል ኖሮ ሌሊቱን አልተኛም ነበር። ስለበዛ ግን «ይጣራል» ብዬ በተንጠልጣይ ሒሳብ አስቀመጥኩት። እህቶቼ፣ ትርፍ የሚመስል ልዩነት የሰው ገንዘብ ነው። ባለቤቱ አልታወቀም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ለሒሳብ ሠራተኛ የበዛ ብር ከጎደለ ብር እኩል ሊያስደነግጠው ይገባል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኔ የተማርኩት ግን፣ አንድ ነገር በሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ከተጻፈ እሱም እንደሚያጣላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን አንድ ጥያቄ ሆነ፤ መዝገቡ አንድ ሆኖ፣ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ እንዴት እንሥራበት?

መጀመሪያ ሦስቱን ኮምፒውተሮች በኬብል አገናኘናቸው። በመሃል ስዊች የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር የወጣው ኬብል እሷ ላይ ይሰካል። አንድ አባል «ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት ይገናኛሉ?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በአንድ ግቢ ውስጥ ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደመነጋገር ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም። አንዱ ኬብል እስከ 100 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ለእኛ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚያ ፋይሉን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በጋራ ፎልደር አስቀምጠን ሦስታችንም ከዚያው ከፈትነው። ደስ አለን። ደስታችን አልቆየም። በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ እየወረደ ሁላችንም ስንጽፍ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፋይሉ አልከፈትም አለ፤ «ተበላሽቷል» የሚል መልእክት አመጣ። ከሦስት ቀን በፊት በተያዘ ቅጂ ተነሥተን የሦስቱን ቀን ከደረሰኝ እንደገና ጻፍነው።

ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ያስፈልጋል። የምንጠቀምበት ፕሮግራም አክሰስ ይባላል። ማይክሮሶፍት ለገበያ ያወጣው በፈረንጆች 1992 ነው፤ እስካሁንም ብዙ ትንንሽ ቢሮዎች ይሠሩበታል። አሠራሩ ግን እንደ ባንክ መስኮት አይደለም። ባንክ ስትሄዱ መዝገቡን እናንተ አትነኩትም፤ መስኮቱ ጋ ለተቀመጠው ሠራተኛ ትናገራላችሁ፣ የሚጽፈው እሱ ነው። እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያሉት ትልልቆቹ የመረጃ ቋቶች እንዲህ ናቸው። አክሰስ እንዲህ ያለ ባለ መስኮት ሠራተኛ የለውም። መዝገቡ ክፍሉ ውስጥ ተዘርግቷል፤ መጻፍ የፈለገች ሁሉ ራሷ ገብታ በራሷ እስክሪብቶ ትጽፋለች። አንዷ በጽሑፏ መሃል መብራት ቢጠፋባት ወይም ኬብሉ ቢነቀልባት፣ ገጹ በከፊል ተጽፎ ይቀራል። የቀሩት ደግሞ ያንን ገጽ ማንበብ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ፋይሉን ጋራ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ አገባቡንና አወጣጡን ማሳመር ያስፈልጋል።

ያሳመርነው በአምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ፋይሉን ለሁለት ከፈልነው። አባላት፣ ተቀማጭ፣ ብድርና ተመላሽ የተጻፈባቸው ሰንጠረዦች ብቻ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ቀሩ። የመመዝገቢያ ቅጾቹና የሪፖርቶቹ ፋይል ደግሞ በየግል ኮምፒውተራችን ላይ ተቀመጠ። መዝገቡ አንድ ሆኖ እስክሪብቶና ጠረጴዛው የየራሳችን ሆነ ማለት ነው። አክሰስ ራሱ ይህን መክፈያ ይዞ ስለሚመጣ ገንዘብ አልወጣበትም። በኬብሉ የሚመላለሰው ነገር ይቀንሳል፤ የአንዷ ቅጽ ቢበላሽ የእሷን ብቻ ቀይረን ሥራ እንቀጥላለን። በኮሌጅ የተማርነው ፒችትሪም በኔትወርክ ሲሠራ የድርጅቱ መረጃ የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒውተር ባለ አንድ ፎልደር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እኛ ዘግይተን ገባን እንጂ። ለድጋፍ ሰጪዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ላክልላችሁ፤ ሙሉው አክሰስ የሚያስፈልገው ቅጽ የሚዘጋጅበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ለሌሎቹ ራንታይም የሚባለው በነጻ የሚገኘው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ «ቀሪ» የሚባለውን ቁጥር ከአባሉ መስመር ላይ አነሣን። ይህ የሒሳብ ሰው ነገር ነውና በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት አባል 1200 ብር አላት እንበል። የቡድኗ ሰብሳቢ መጥታ 200 ብር ታስገባላታለች፤ ገንዘብ ተቀባይዋ 1200ን አይታ 1400 ትጽፋለች። በዚያው ደቂቃ የብድር ሠራተኛዋም ያንኑ 1200 ከፍታ ይዛ ነበር፤ የብድር ተመላሽ 300 ቀንሳ 900 ትጽፋለች። የመጨረሻዋ ጸሐፊ 900 ካለች 200ው ብር በአየር ላይ ቀረ። ትክክሉ 1100 ነበር። አክሰስ ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ሲጋጭ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ «የእኔን አስቀምጥ»፣ «ልዩነቱን ለማየት ቅዳልኝ»፣ «የእኔን ተወው» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይሰጣል። የቸኮለች ሴት የመጀመሪያውን ትጫናለች፤ ያን ጊዜ የእህቷን ጽሑፍ ታጠፋለች። እኛ ግን ግጭቱን ከሥሩ ነቀልነው። አሁን እያንዳንዱ ተቀማጭና እያንዳንዱ ተመላሽ የራሱ አዲስ መስመር አለው፤ ቀሪው አይጻፍም፣ ማሽኑ መስመሮቹን ደምሮና ቀንሶ ያሳያል። ሁለት ሰው ሁለት አዲስ መስመር ቢጽፍ አይጋጭም። ስሕተት ቢገኝም አይፋቅም፤ ማረሚያው በሌላ መስመር ይጻፋል፣ የጻፈችውም ስም ይታያል። በወረቀት ሌጀር የተማርነውም ይህንኑ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ረሳነው።

ሦስተኛ፣ አጻጻፋችንን አንድ አደረግን። «ዓለሚቱ» በዓይኑ ዐ፣ «አለሚቱ» በአልፋው አ፤ ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። አንዷ ሠራተኛ ፈልጋ ስታጣ እንደ አዲስ አባል ትመዘግባታለች፤ ቁጠባዋ በሁለት ስም ይከፈላል። ስለዚህ የምንፈልገው በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር ነው። ቁጥራችሁ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ያለው ለዚህ ነው። የፊደል አተያየብም ጉዳይ አለ፤ አንዷ በዩኒኮድ ሌላዋ በአሮጌ ፊደል ብትጽፍ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አይነበብም። ሁላችንም በዩኒኮድ እንጽፋለን።

ቀኑ ደግሞ ከስሙ ይብሳል። አክሰስ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ከሙሉው ዓመት ጋር ብንጽፍ አይቀበልም፤ በፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለምና። ጳጉሜን 3ን 3/13 ብንለው ደግሞ ይባስ ብሎ ዝም ብሎ ይቀበልና መጋቢት፣ ማርች 13 ያደርገዋል። አንዱ ኮምፒውተር ቀንን የሚያስቀድም፣ ሌላው ወርን የሚያስቀድም ሆኖ ከተስተካከለ 5/6 የተባለው ቀን በሁለቱ ላይ ሁለት ነገር ይሆናል። የወለድ ስሌታችን በዚህ ተዛብቶ ነበር። አሁን ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ሣጥኖች በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ወሩ ከ13፣ ቀኑ ከ30፣ በጳጉሜን ደግሞ ከ6 እንዳይበልጥ አድርገን ገደብነው።

አራተኛ፣ መብራትና ኬብል። ሰንጠረዦቹ ያሉበት ኮምፒውተር ከባትሪ ጋር፣ ማለትም ከዩፒኤስ ጋር ተያይዟል። መብራት ሲጠፋ የሚሰጠን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በእሱ ላይ የጀመርነውን መስመር ጨርሰን በሥርዓት ለመውጣት ይበቃል። ስዊቿም እዚያው ላይ ተሰክታለች፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ስዊቿ ብትጠፋ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነውና። ያ ኮምፒውተር ሥራ ሲያጣ እንዳይተኛ ተደርጓል። በዋይፋይ አንሠራም፤ ዋይፋይ ለአፍታ ይቆረጥና ይመለሳል፤ ለወሬ አይጎዳም፣ ለዚህ ዓይነት መዝገብ ግን መብራት እንደመጥፋት ያህል ነው።

አምስተኛ፣ ቅጂ። ሰው መዝገቡን ሲከፍት ከጎኑ አንድ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጠራል፤ ሁሉም ሲወጣ ይጠፋል። ማታ ያ ፋይል መጥፋቱን አይተን፣ ማለትም ማንም ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጠን፣ ቅጂ እንይዛለን። ሁለት ፍላሾች አሉን፤ አንዱ ቢሮ ሲያድር ሌላው ሊቀመንበራችን ቤት ያድራል። እነዚህ ፍላሾች ሌላ ቦታ አይሰኩም። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ምን እንደሚያመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን ከባንኩ ጋር እናስተያያለን። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ድጋፍ ሰጪዎቻችን «ለምን ሁሉን በኢንተርኔት አታደርጉትም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ መዝገባችን ውጭ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት እናት ከሻጋ ወይም ከናበጋ መጥታ «ስንት አለኝ?» ብትለን የምንመልሰው አልነበረንም። ርብና ጉማራ ሞልተው መንገድ ሲዘጋ የቡድን ሰብሳቢዎች የብዙ ሰው ገንዘብ ይዘው አንድ ቀን ይመጣሉ፤ ያን ቀን መዝገቡ መከፈት አለበት።

ይህ ማለት ግን አክሰስ ለዘላለም ይበቃናል ማለት አይደለም። አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም፤ እኛ ከዚያ ሩቅ ነን። እስከ 255 ሰው በአንድ ጊዜ ሊከፍተው ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን በሦስት ሰው ያየሁትን ስላየሁ ያን ቁጥር አልመካበትም። ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ መግባት የቻለ ሰው ፋይሉን ሙሉውን ገልብጦ መሄድ ይችላል፤ የይለፍ ቃል ያደረግነውና ክፍሉን የምንቆልፈው ለዚህ ነው። አዲስ ዘመን ወይም ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ የከፈትን ቀን በዚህ አሠራር መቀጠል አንችልም፤ ያን ጊዜ ባለ መስኮት ሠራተኛ ያለው የመረጃ ቋት ያስፈልገናል። ሰንጠረዦቹን ከቅጾቹ መለየታችን ለዚያም መንገድ ይጠርጋል።

አሁን የምጠይቃችሁን ልናገርና ላብቃ።

ከድጋፍ ሰጪዎቻችን አዲስ ኮምፒውተር አልጠይቅም። ያሉን ይሠራሉ። የምጠይቀው ለቀሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ዩፒኤስ፣ ለዋናው ዩፒኤስ መቀየሪያ ባትሪ፣ እና ለብድር ሠራተኛዋ የአክሰስ ሥልጠና ነው። ይህን ሥራ የማውቀው እኔ ብቻ ከሆንኩ፣ እኔ ብታመም ወይም ብሄድ መዝገቡ እንደገና በአንድ ሰው እጅ የታሰረ ይሆናል። መዝገብ አንድ መሆን አለበት፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን አንድ መሆን የለባቸውም።

ከጉባኤው ደግሞ አንድ ውሳኔ እጠይቃለሁ። በደንባችን ውስጥ እንዲህ የሚል እንዲገባልን፤ የአባሉ ደብተርና ኮምፒውተሩ ባልተስማሙ ጊዜ፣ ተቃራኒው በደረሰኝ እስኪረጋገጥ ድረስ የተፈረመበት ደብተር ይታመናል፤ ማጣራቱም የቢሮው ሥራ እንጂ የአባሉ አይደለም፤ በማጣራት ምክንያትም የአባሉ የብድር ጥያቄ አይዘገይም። ይህ አንቀጽ ያን ሰኔ ቢኖር ኖሮ እናታችን አራጣ ደጅ አይቆሙም ነበር።

እናንተም ደብተራችሁን ሳትይዙ ገንዘብ አትስጡ፤ ሳይፈረምበት ከመስኮቱ አትሂዱ። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። በየሦስት ወሩ መጥታችሁ «ስንት አለኝ?» በሉን። የሚጠይቅ አባል ለሒሳብ ሠራተኛ ረዳት ነው፤ እኔ አንዷ እናት ባይጠይቁኝ ኖሮ እስካሁንም በተንጠልጣይ ሒሳብ ላይ ተኝቼ ነበር።

እኒያ እናታችን ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛል። ይቅርታ የጠየቅኳቸው ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በጉባኤው ፊት እጠይቃቸዋለሁ። እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።